የቡርቃ ምንጭና የእኔ ችግኞች

ባለፈው እሑድ በኮንዶሚኒየማችን ኮሙናል ቤት ስብሰባ ተጠርተን ነበር። መጋቢት እንደ ዘንድሮ ነዶ አያውቅም ማለቱ እንኳ ሰልችቶኛል፤ በየዓመቱ እንዲሁ ስለምንል። የቱሉ ዲምቱ ንፋስ ድሮ ጠዋት ጠዋት ጋቢ ያስደርብ ነበር፤ አሁን ገና በሦስት ሰዓት የኮሙናሉ ቆርቆሮ ቋ ቋ እያለ ይሞቃል። ውሃ ከሄደ ስድስተኛ ቀኑ ነበር። የምኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ጀሪካን አንጠልጥዬ ደረጃውን ስወጣ ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ ያማርራል።

ስብሰባውን የጠራችው ሰላማዊት የምትባል ከወረዳው የመጣች ወጣት ባለሙያ ናት። የምታስረዳን ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር ነበር። ልጅቷ ለዛ አላት። «ከመኪናው፣ ከፋብሪካው፣ ከምናነደው ሁሉ የሚወጣው ጭስ ወደ ላይ ወጥቶ የሚጠፋ ይመስለናል። አይጠፋም። ምድር ላይ እንደ ብርድ ልብስ ይደረባል፤ ቀን የገባው ሙቀት መውጫ ያጣል። ያን ጭስ የሚመጥልንን ደን ደግሞ ጨፍጭፈን ጨርሰናል» አለች። ዝናቡ ለምን ጊዜውን እንደሳተ፣ ሲመጣም ለምን ጎርፍ ሆኖ እንደሚመጣ ነገረችን። ከዚያ መድኃኒቱን። ጭሱን መቀነስ፣ ያለውን ዛፍ መጠበቅ፣ የሌለውን መትከል። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ፤ እኔም ነቀነቅኩ።

መጨረሻ ላይ ችግኝ ሊታደለን ስለሆነ ምን ዓይነት እንደምንፈልግ ጠየቀችን። ምድር ቤት ሱቅ ያለው ሽፋ የሚባል የስልጤ ልጅ አለ፤ ጨዋታ አዋቂ ነው። ብድግ አለና፦

«ከሕንፃው ጀርባ ያቺ ቄጠማ የሚበቅልባት ረግረግ አለች አይደል? ባሕር ዛፍ ግጥም እናድርግባት። አጠጡኝ አይል፣ ጠብቁኝ አይል። እንደኔ ነው፤ የትም ይበቅላል» አለ።

ሰው ሳቀ። ሽፋ ግን ወደ እኔ ዞረ። «እማማ አስካለ፣ እርስዎ የዚሁ አገር ተወላጅ ነዎት። ይናገሩ እንጂ፤ አይሻልም?»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። «እንጃ ልጄ» አልኩና ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ።

እንጃ ማለት አልነበረብኝም። እዚያ ቤት ከተቀመጠው ሰው ሁሉ ስለ ባሕር ዛፍና ስለ ምንጭ እኔን ያህል የሚያውቅ አልነበረም። እንዴት እንዳወቅኩት ልንገራችሁ።

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነበረች፤ አባቴ የሐዲድ ሠራተኛ ስለነበር የባቡሩ ፉጨት ለእኛ ቤት እንደ ሰዓት ነው። አባቴ ብረት ሲያነሣ ወገቡ ተጎድቶ ከተኛ በኋላ፣ የመጀመሪያ ልጅ ነኝና፣ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ተውኩ። ተውኩ ስል ልቤ አልተወም። ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እንኳ ሳላነብ አልጥልም ነበር። እናቴ በርበሬ ልትቋጥርበት ስትል «ቆይ እማዬ፣ ይቺን ጥግ ልጨርስ» እላታለሁ። «ይቺ ልጅ ወደፊት ለባሏ ወጥ ሳይሆን ፊደል ነው የምታቀርብለት» ትላለች ለጎረቤት። ትሳለቃለች፤ ግን ጋዜጣውን ትሰጠኛለች።

ከሰፈራችን ወጣ ብሎ፣ የሽንብራው ማሳ ሲያልቅ፣ አንድ ምንጭ ነበረ። ቡርቃ ምንጭ እንለዋለን። ቡርቃ በኦሮምኛ ራሱ ምንጭ ማለት መሆኑን ያወቅኩት ቆይቼ ነው፤ ምንጭ ምንጭ ስንል ኖረናል ማለት ነው። ወንዙ ያን ጊዜም የከተማውን እጣቢ ተሸክሞ ስለሚመጣ የሚጠጣ አልነበረም። የቦኖ ውሃም ቢሆን በሰልፍ ነው፤ እሱም ሲገኝ። ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ ቡርቃ ይወርዳል። መንገዱ ዋልካ አፈር ነው፤ በክረምት ጫማ ያስወልቃል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ይይዛል። ኅዳር ሲገባ ግን ግራና ቀኙ የሽንብራ እሸት ነው። ከጥጉ ነቀል አድርገን፣ እንስራችንን አዝለን ስንመለስ እየፈለፈልን እንበላለን፤ ጣታችን ቤት እስክንደርስ ይኮመጥጣል።

ምንጩ የነበረው ጋሽ ገመቹ በሚያርሱት መሬት ጫፍ ላይ ነው። ጋሽ ገመቹ ቀጭን፣ ረዥም፣ ሲሄዱ ሁልጊዜ እጃቸውን ወደ ኋላ የሚያጣምሩ ገበሬ ነበሩ። ማንም ሳይሾማቸው ምንጩን ይጠብቃሉ፤ አባታቸውም ይጠብቁት ነበር ይባላል። ምንጩ ሥርዓት ነበረው። ከዓይኑ የሚወጣው ውሃ መጀመሪያ በድንጋይ የተከበበች ትንሽ ኩሬ ይሞላል፤ እሷ ለሰው ናት። ከእሷ የተረፈው ወርዶ ሁለተኛዋን ይሞላል፤ ያቺ ለከብት። ከዚያ የወረደው ለልብስ። አንድ ሰው ከላይ ልብስ ቢያጥብ ጋሽ ገመቹ አይቆጡም። ዝም ብለው መጥተው፣ እርጥቡን ልብስ አንድ በአንድ ሰብስበው፣ ወደ ታችኛዋ ኩሬ ወስደው በድንጋይ ላይ ያኖሩለታል። ይህ የደረሰበት ሰው ሁለተኛ አይለምደውም።

በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ሰፈርተኛው አካፋውን ይዞ ይወጣና ምንጩን ይጠርጋል። ደለሉ ይወጣል፣ የወደቀው ድንጋይ ይነሣል። ሲያበቃ የጋሽ ገመቹ ባለቤት እትዬ ጫልቱ ጭኮ ያቀርባሉ። የገብሱን ዱቄት በቅቤ አሽተው፣ በእንጨት ገበታ ሞልተው ሲያመጡት፣ ጭቃ የነካው እጃችንን በምንጩ ውሃ ታጥበን እንከባለን። በዙሪያው ያለው ቄጠማ ቁመቱ የኔን ወገብ ያህላል። ለበዓል በአቃቂ የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ግማሹ ከዚያ የታጨደ ነው ብል አላጋነንኩም።

ያ ዘመን በሰሜን ያ ክፉ ድርቅ የገባበት ነበር። ሬዲዮው ስለ እሱ ያወራል፤ ከተማው ዳር ላይም ከዚያ የሸሹ ሰዎች፣ ልጆቻቸውን አዝለው፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው እናያለን። አገር የደረቀው ዛፍ ስላለቀ ነው ተባለ። ትከሉ፣ ትከሉ፣ ትከሉ። በየቀበሌው የወጣቶች ማኅበር ችግኝ ተመደበለት። የእኛን የሚያስተባብረው ጓድ ታደሰ የሚባል ሰው ነበር፤ ሲናገር ሰማኒያ ሰው ፊት የቆመ ይመስል ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ሦስት ብንሆንም።

«ጥር ላይ የጸደቀው ይቆጠራል» አለን። «ብዙ ያጸደቀ ቀበሌ አንድ ወጣት መርጦ ለሦስት ወር የደን ኮርስ ይልካል። ደብተርም፣ ምግብም፣ መኝታም በነፃ ነው።»

ሌላው የሰማው ምግቡን ነው። እኔ የሰማሁት ደብተሩን ነው። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያቺ የተዘጋች የትምህርት በር በአንዲት ጠባብ ስንጥቅ የተከፈተችልኝ መሰለኝ፤ ሌላ በር እንደማይመጣም አውቃለሁ።

ችግኙ ግን ዘግይቶ መጣ። የሚያመጣው መኪና የት እንደቆየ እንጃ፤ የደረሰን ዝናቡ ጓዙን ጠቅልሎ ሊሄድ ሲል፣ መስከረም አጋማሽ ላይ ነው። ሁሉም ባሕር ዛፍ ነው። የተመደበልን ቦታ ደግሞ ኮረብታው ላይ፣ ድንጋያማው ነው። እዚያ ከተተከለ እስከ ጥር ውሃ እየተሸከሙ ማጠጣት ሊኖርብን ነው፤ ከቡርቃ ቀድተን፣ ሽቅብ። በመጀመሪያው ቀን ጉድጓድ ስንቆፍር ዘውዴ የሚባል የማኅበራችን ልጅ አካፋውን ጥሎ ተቀመጠ።

«እኔ ምልሽ አስካለ» አለኝ፣ «ውሃውን ወደ ተራራው ከምናወጣ፣ ተራራውን ወደ ውሃው ብናወርደው አይቀልም?»

ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ዘውዴ ለቀልድ የተናገረው እኔ ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ ሥራ ጀመረ። ተራራው አይወርድም፤ ችግኙ ግን ይወርዳል። ምንጩ ዙሪያ መሬቱ ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ነው። እዚያ ብንተክለው ማንም ሳያጠጣው ይጸድቃል፤ ጥር ላይ ሲቆጠር አንድም አይጎድልም። ለጓድ ታደሰ ነገርኩት። ፊቱ በራ። «ይቺ ልጅ ጭንቅላት አላት» አለ ለሁሉም። ዕድሜ ልኬን ያን የመሰለ ምስጋና ከማንም ሰምቼ አላውቅም ነበርና አቤት ደስ ማለቱ።

በማግስቱ ቄጠማውን እየነቀልን ጉድጓድ ስንቆፍር ጋሽ ገመቹ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መጡ። ቆመው አዩን። አንዱን ችግኝ አነሡና ቅጠሉን በጣታቸው አሽተው አሸተቱት።

«ባርዛፍ ነው» አሉ። «ኢንታላ ኮ፣ ይህን እዚህ አትትከሉ።»

ኢንታላ ኮ ልጄ ማለት ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚጠሩኝ እንደዚያ ነው።

«ለምን ጋሽ ገመቹ?»

«ዛፉን ጠልቼው አይደለም። የቤቴም ማገር ከሱ ነው። ግን ጠጪ ነው። ጠጪን ሰው ጠላው ጋን አጠገብ ያስተኛል?»

ልጆቹ ሳቁ፤ እሳቸውም ፈገግ አሉ። በዚያው ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት እንስማማ ነበር። ግን ጓድ ታደሰ ቆሞ ያየኛል። የኮርሱ ደብተር ታየኝ። ደግሞ በስብሰባ የሰማሁት ቃል አፌ ላይ ነበር፤ በዚያ ዘመን ቃል እንደ ድንጋይ የሚወረወር ነበር። ቀና ብዬ ሰው ሁሉ እየሰማ፦

«ጋሽ ገመቹ፣ አገር በድርቅ እያለቀ እርስዎ ለቄጠማ ያዝናሉ? ይኼ እኮ ነው ኋላ ቀር አስተሳሰብ የሚባለው» አልኳቸው።

ሲያሳድጉኝ፣ ጭኳቸውን ሲያጎርሱኝ የኖሩ ሰው ናቸው። ችግኙን ቀስ አድርገው ከነአፈሩ መሬት ላይ መለሱት። «እሺ። እናንተ ተምራችኋል» አሉና ሄዱ። ስድስተኛ ክፍል እንኳ ያልጨረስኩትን እኔን ተምራችኋል አሉኝ።

ጥር ላይ ተቆጠረ። የሌላው ቀበሌ ችግኝ ኮረብታው ላይ እንደ ክብሪት ደርቋል፤ የእኛ ለምልሟል። ኮርሱ ለእኔ ሆነ። አባቴ ከመኝታው ቀና ብሎ ግንባሬን ሳመኝ፤ እናቴ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ቋጥራ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኘችኝ። ኮርሱ የሚሰጠው ደብረ ዘይት አካባቢ ነበር። ያን ሦስት ወር ዛሬ ሳስበው አሁንም ልቤ ሞቅ ይላል። መጽሐፍ ነበረ። ጥቁር ሰሌዳ ነበረ። ስጠይቅ «ጥሩ ጥያቄ ነው» የሚለኝ መምህር ነበረ፤ አጭር፣ ኮቱ የሰፋው፣ ጠመኔ ጆሮው ላይ የሚሰካ ሰው። ሰላማዊት እሑድ ዕለት የነገረችንን ጥቂቱን እሱ ያኔ ነግሮን ነበር፤ ደን ሲመነጠር ዝናብ ይሸሻል፣ ጭስ ሲበዛ አየሩ ይለወጣል ይል ነበር። እኛ አየር እንዴት ይለወጣል ብለን እንገረማለን።

በአምስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ስለ ዛፍ ዓይነቶች ሲያስተምረን ባሕር ዛፍ ላይ ደረሰ። ሰሌዳው ላይ ዛፉን ሣለ፤ ከዚያ ሥሩን ሣለ፤ ሥሩ ከዛፉ በለጠ። «ባሕር ዛፍ ጠላት አይደለም» አለ። «ማገዶ ይሆናል፣ ቤት ይሠራል፣ ሌላውን ደን ከመጥረቢያ ያድናል። ግን ቦታ አለው። ውሃ ይስባል። ከምንጭ ዳር በፍጹም እንዳትተክሉት፤ የተከለም ካለ ሳይጠና ይንቀል።»

ሁሉም ይጽፋል። እኔም እጄ ይጽፋል። «ሳይጠና ይንቀል» ብዬ በራሴ እጅ ጻፍኩና እርሳሴ ቆመ። አጠገቤ የነበረችው ልጅ «አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። «ኧረ ደህና ነኝ» አልኩ።

ሚያዝያ ላይ ስመለስ መጀመሪያ የሄድኩት ቡርቃ ነው። ችግኞቹ ጉልበቴ ደርሰዋል። ሰማያዊ ቢጤ ለጋ ቅጠላቸው ውሃው ላይ ጥላ ጥሏል፤ ሽታቸው ደስ ይላል። ውሃው ገና እንዳለ ነው፤ ሦስቱም ኩሬ ሙሉ። አንዱን ያዝ አድርጌ ሳብ ሳደርገው አፈሩ እርጥብ ነውና እሺ አለኝ፤ ሥሩ ብቅ አለ። ማኅበራችን አንድ ከሰዓት በኋላ ቢሰማራ ሁሉም ተነቅሎ ኮረብታው ላይ ክረምቱ ሲገባ ይተከል ነበር። ይህን አስቤዋለሁ። ያን ችግኝ መልሼ አፈሩን ረገጥ ረገጥ አድርጌ ሄድኩ።

ምክንያቱም ቅዳሜ በዓል ነበር። ጓድ ታደሰ ቡርቃን የምሳሌ ቦታ ብሎ ለበላዮቹ ነግሯል፤ እንግዶች ሊመጡ ነው፤ የምስክር ወረቀቴ በሰው ፊት ሊሰጠኝ ነው፤ በችግኝ ጣቢያም ሥራ ሊሰጠኝ እንደሚችል ጆሮዬ ደርሷል። እዚያ ቆሜ ተሳስቻለሁ ልበል? ቅዳሜ ይለፍ፣ ከዚያ እናገራለሁ አልኩ ለራሴ።

ዓርብ ዕለት ጋሽ ገመቹ ቤታችን መጡ። ያን ሁሉ ተናግሬያቸው፣ በቅል እርጎ ይዘው፣ እንኳን ደህና መጣሽ ሊሉኝ መጡ። አባቴ አጠገብ ተቀመጡ። ስለ ዝናቡ ተጨዋወቱ፤ በልጉ ዘንድሮም ቀረ አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ኢንታላ ኮ፣ ተምረሽ መጣሽ። ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁ።»

«ይጠይቁኝ።»

«ስለዚያ ዛፍ ነው። ነገ ዛሬ እያልኩ እንጂ ምንጩ ዓይን አጠገብ ያሉትን ልነቅል አስቤ ነበር። ልጆቼም እንንቀል ይሉኛል። ግን ሳላውቅ የመንግሥት ነገር ልነካ? አስካለ ትምጣ፣ እሷ ትምህርቱን ታየዋለች አልኳቸው። እዚያ ምን አሉሽ? ውሃ ያጠፋል ወይስ አያጠፋም?»

አባቴ ያየኛል። የኮርሱ ደብተር መስኮቱ ላይ ነበር፤ ከተቀመጥኩበት እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ።

«አያጠፋም» አልኩ። «ዛፍ ሁሉ ውሃ ያመጣል ነው ያሉን።»

ጋሽ ገመቹ ሸክም እንደቀለለለት ሰው ተነፈሱ። «እንግዲያ እኔ ነኛ ያረጀሁት» አሉና ሳቁ። አባቴም ሳቀ። እርጎውን በብርጭቆ ቀዳሁላቸው።

ቅዳሜ በዓሉ ሆነ፤ ተጨበጨበልኝ። ከቅዳሜ በኋላ ግን እሑድ ነው፤ ከእሑድ በኋላ ሰኞ። ሥራው ተሰጠኝ። ዛፎቹ ወገቤ ደረሱ፤ ከዚያ ትከሻዬ፤ ከዚያ ቀና ብዬ የማያቸው ሆኑ። መናገር በየቀኑ እየከበደ ሄደ። በሁለተኛው ዓመት ቄጠማው ሳሳ። ከዚያ የልብሱ ኩሬ ደረቀ፤ ሰዎች ዘንድሮ ዝናቡ አንሶ ነው አሉ፤ እውነትም አንሶ ነበር። ቀጥሎ የከብቱ። በመጨረሻ ሴቶቹ በላይኛዋ ኩሬ ዙሪያ ተኮልኩለው በጣሳ መጨለፍ ጀመሩ፤ አንዷ እስክትሞላ ሌላዋ ትጠብቃለች። አንድ መጋቢት ላይ ስወርድ እናቶች ባዶ እንስራ ይዘው ሲመለሱ አገኘኋቸው። ከዓይኑ ላይ ጭቃ ብቻ ነበር፤ ጭቃው ላይም የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል።

ፍርዱን ሁሉ በእኔ ዛፍ ላይ አልጭንም። ዝናቡም ተለውጦ ነበር፤ ከላይ ቤት እየተሠራ ነበር፤ ጥልቅ ጉድጓድም በየቦታው ይቆፈር ነበር። ግን ሌላው ሁሉ ከእጄ ውጭ ነበር። የዛፉ ነገር በእጄ ነበር።

ጋሽ ገመቹ ከብቶቻቸውን ሸጠው ዱከም አቅጣጫ ልጃቸው ጋ ገቡ። ሊሰናበቱን ሲመጡ እቤት አልነበርኩም፤ ወይም ነበርኩ፣ ጓሮ ነበርኩ። አልወጣሁም።

ዓመታት አለፉ። መንግሥት ተለወጠ፣ አባቴ ሞተ፣ እኔም አግብቼ ወለድኩ። ዛፎቹ ተቆረጡ፤ ባሕር ዛፍ ሲቆርጡት ከጉቶው አብዝቶ ያቆጠቁጣልና እንደገና በቀሉ፣ እንደገና ተቆረጡ። ኋላ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ለግንበኛ መወጣጫ የሚሆን አጣና ከዚያ ሲጫን አይቻለሁ። ማን ያውቃል፣ እኔ የምኖርበት ፎቅም በእነሱ ላይ ቆመው የገነቡት ይሆናል።

አንድ ቀን ጋሽ ገመቹ አረፉ የሚል መርዶ ደረሰን። ለቅሶ ሄድኩ። በመንገድ ላይ ሚኒባሱ ውስጥ የምናገረውን እደጋግም ነበር፤ ለባለቤታቸው ለእትዬ ጫልቱ ነው የምናገረው፣ እግራቸው ላይ ወድቄ። ድንኳኑ ውስጥ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እትዬ ጫልቱ ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ ድምፄን ሲሰሙ ግን ለዩኝ። እጄን ያዙ።

«አስካለ ነሽ? መጣሽልኝ?» አሉ። «እንዴት ይወድሽ ነበር መሰለሽ። ያኔ ልጆቹ ዛፉን እንንቀለው ብለው ሲያስቸግሩት፣ 'አስካለ ተምራ መጥታለች፣ እሷ ያለችውን ትታችሁ ነው?' እያለ ይቆጣቸው ነበር። እሾህ እየቆረጠ አጥር አጠረለት እኮ፤ ከብት እንዳይነካብሽ። ፍየል የሰበረውን እንኳ ራሱ ይተክለው ነበር።»

አፌን ከፈትኩ። ሰው ሀዘን የጸናብኝ መስሎት ውሃ አመጣልኝ። ጠጣሁት።

እትዬ ጫልቱም ካረፉ ቆይተዋል። እንግዲህ የምነግረው ሰው የለም።

ከስብሰባው ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት ተነሥቼ ወረዳ ሄድኩ። ሰላማዊትን ቢሮዋ አገኘኋት፤ ወንበር ሳበችልኝ፣ «እማማ፣ ሙቀቱ አልጎዳዎትም?» አለችኝ። ከሕንፃችን ጀርባ ያለችው ረግረግ ውሃ ያላት መሆኑን፣ ባሕር ዛፍ እንዳይሄድባት፣ ባለሱቁን ሽፋንም እኔው እንደማነጋግረው ነገርኳት። ከዚያ ሳላስበው ሁሉንም ነገርኳት፤ ቡርቃን፣ ደብተሩን፣ እርጎውን። ልጅቷ እስክርቢቶዋን አስቀምጣ ታዳምጠኝ ጀመር። ሳበቃ፣ ልትወቅሰኝ ሳይሆን ከልቧ ልትረዳኝ ፈልጋ ይመስለኛል፣ ጠየቀችኝ።

«ታዲያ እማማ፣ አውቀውት ሳለ፣ ያን ጊዜ ለምን አልተናገሩም?»

መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ከውጭ የውሃ ቦቴ ጥሩምባ ይሰማል፣ ሰዎችም ጀሪካን እያንኳኩ ይሮጣሉ።

«ትንሽ ስለነበር ነው ልጄ» አልኳት። «ጉልበቴ ድረስ ብቻ ነበር። ትንሽ ነገር ጊዜ የሚሰጥ ይመስላል።»

እውነተኛውን መልስ መስጠት የነበረብኝ ያን ዓርብ፣ ለጋሽ ገመቹ ነበር።